መድረስና መቅደም፦ የመኪና ስምና የሰው ታማኝነት በቆቦ መንገድ

የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ከአባታቸው ስም ይልቅ በፈረሳቸው ስም ሲሞገሱ ኖረዋል። ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» መባላቸው የታወቀ ነው። ፈረሱና ፈረሰኛው በአንድ ስም ሲዋሐዱ የእንስሳው ዝና ለሰውዬው፣ የሰውዬውም ዝና ለእንስሳው ይተርፋል። ይኸው ልማድ በራያ ቆላ ከመኳንንቱ አልፎ እስከ ባላገሩ ደጅ ዘልቆ ኖሯል። አራሹ በሬውን በስም እየጠራ ያሞግሰዋል፤ ነጋዴው ከአፋር በረሃ ጨው ተሸክማ የምትመጣለትን ግመል ከሀብቱ ሁሉ ያስቀድማታል። መኪና የተባለው ብረት ወደዚህ ምድር በመጣ ጊዜ ያገኘው እንግዲህ ለሚሸከመው ነገር ስም ማውጣትን፣ ስሙን ማወደስን፣ ስለ ስሙም መከራከርን አስቀድሞ የሚያውቅ ሕዝብ ነበር።

ቆቦ በሰሜን ወሎ፣ በምዕራብ በከፍተኛው ደጋ ግድግዳ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል በተዘረጋው ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌና ወደ አስመራ የሚያልፈው ዋና መንገድ የከተማይቱ አከርካሪ ነው። መንገዱ ከወልድያ ወርዶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ይገባል፤ ከቆቦም በዋጃ በኩል አላማጣ ደርሶ እንደገና ወደ ግራ ካሕሱ ተራራ መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ የራያ ሜዳ ለአሽከርካሪው በሁለት አቀበቶች መካከል የተዘረጋ ማረፊያ ነው። ከደቡብ የመጣ ጠመዝማዛውን ጨርሶ የሚተነፍስበት፣ ከሰሜን የመጣም የፍሬኑን ሙቀት የሚያበርድበት ስፍራ ነው። የቆቦ ሻይ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ከዚህ ዕረፍት የተወለዱ ናቸው። የመኪና ስም ክርክርም እዚያው፣ በዚያው ዕረፍት ላይ ነው ያደገው።

ይህ ክርክር ተራ የሥራ ፈት ወሬ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጠለቅ ብሎ ለመረመረው፣ ሕዝቡ ከሩቅ አገር የመጣን መሣሪያ በምን መለኪያ መዝኖ የራሱ እንዳደረገው፣ መለኪያው በተለወጠም ጊዜ ምን ዋጋ እንደከፈለ የሚያስረዳ የታሪክ ምስክር ሆኖ ይገኛል።

የሩጫ ሜዳው ታማኝነት

ለፋብሪካ ስም መታመን በዓለም ላይ ጎልቶ የሚታየው በመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ነው። ከእሽቅድምድሙም ዓይነቶች ውስጥ የሕዝቡን ልብ ይበልጥ የሚነካው «ቱሪንግ» እየተባለ የሚጠራው ነው። በሌሎቹ ውድድሮች የሚሮጡት ለሩጫ ብቻ የተሠሩ፣ ማንም ገዝቶ ለገበያ ወይም ለቤተ ክርስቲያን የማይሄድባቸው ናቸው። በቱሪንግ ውድድር የሚሮጡት ግን ቢያንስ በአካላቸው ተመልካቹ ራሱ ከደጁ የሚያቆማቸው መኪናዎች ናቸው። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛውም ሆነ ገበሬው ሲያጨበጭብ ለሩቅ ጀግና ሳይሆን፣ ጠዋት አስነሥቶ ለመጣበት መኪና ነው የሚያጨበጭበው።

የአውሮፓ የቱሪንግ መኪና ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963 በተቋቋመ ጊዜ የኢጣሊያ ፋብሪካዎች ወዲያው ስማቸውን ተከሉበት። አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ በተባለችው መኪናው ከትልልቆቹ ጋር ሲፎካከር፣ በትንንሾቹ ምድብ አባርት የተባለው የቶሪኖ ፋብሪካ ፊያት 600ን አሻሽሎ ያሽቀዳድም ነበር። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠው ይህች ትንሽ መኪና እንዳትግል የሞተር ክዳኗ ወደ ላይ እንደተከፈተ ትሮጥ ነበር። ይህችው ፊያት 600 በአዲስ አበባ «ሰይቼንቶ» ተብላ በታክሲነት ዘመን የሠራችው ናት። በአውሮፓ ሜዳ አክሊል የምትቀበለዋ በአዲስ አበባ ጎዳና ተሳፋሪ ትጭን ነበር ማለት ነው።

ታማኝነቱ ከሁሉ በላይ የጠነከረው ግን በአውስትራልያ ነው። በዚያ አገር ሕዝቡ ፎርድና ሆልደን በተባሉ ሁለት ስሞች ተከፍሎ ኖረ። ሆልደን እ.ኤ.አ. በ1856 በአደሌድ ከተማ የተመሠረተ ኮርቻ ሠሪ ድርጅት ነበር፤ ከኮርቻ ወደ ሠረገላ፣ ከሠረገላም ወደ መኪና ተሸጋገረ። ከ1963 ጀምሮ በባትረስት ተራራ ላይ በየዓመቱ የሚደረገው ታላቅ ውድድር የሁለቱ ወገኖች ዓውደ ውጊያ ሆነ። አባት የደገፈውን ስም ልጅ ይወርሰዋል፤ የአንዱ ቤተሰብ ልጅ የሌላውን ወገን መኪና ቢገዛ እንደ ከዳተኛ ይቆጠራል። በ1992 በዝናብ ምክንያት ብዙ መኪናዎች ተጋጭተው ውድድሩ ሲቋረጥ፣ ራሱ የተጋጨ አንድ የጃፓን ኒሳን በደንቡ መሠረት አሸናፊ ተባለ። ሽልማቱን የተቀበሉትን ነጂዎች ሕዝቡ በጩኸት አዋረዳቸው። ከተከታዩ ዓመት ጀምሮ የዚያ ዓይነት ሞተር ከውድድሩ ወጣ፤ ሜዳውም በዋናነት ለሁለቱ የቆዩ ስሞች ተለቀቀ። 

ነገር ግን የሩጫ ሜዳ ታማኝነት መለኪያው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መቅደም ነው። ሜዳው የታጠረ ነው፤ መነሻውና መድረሻው አንድ ቦታ ነው፤ የተሸነፈውም ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። የራያ ሕዝብ ከመኪና ስም ጋር የተዋወቀበት መንገድ ግን አጥር አልነበረውም። የተዋወቀበትም ቀን የደስታ ቀን አልነበረም።

ከጦር ጋር የመጣ ብረት

የኢጣሊያ ፋብሪካዎች ኢትዮጵያን ከመርገጣቸው በፊት በአገራቸው ብርቱ ተቀናቃኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 ከብሬሻ ወደ ሮም ሄዶ የሚመለሰው «ሚሌ ሚሊያ» የተባለው የ1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ውድድር በተጀመረ ጊዜ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት የብሬሻው ፋብሪካ የኦ.ኤም. መኪናዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ አልፋ ሮሜዮ ይህንኑ ውድድር 11 ጊዜ አሸንፏል። ላንቺያም የራሱ ወገን ነበረው። ፊያት ደግሞ በብዛትና በገንዘብ ሁሉንም ይበልጥ ነበር፤ ኦ.ኤም.ንም በ1933 በእጁ አስገብቷል።

የፋሽስቱ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር በተነሣ ጊዜ እነዚህ ስሞች ከውድድር ጎዳና ወደ ጦር ጎዳና ተዛወሩ። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው 634 የተባለው በናፍታ የሚሠራ ከባድ ጭነት መኪናና የላንቺያ ሮ ጥይትና ስንቅ ተሸክመው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጋዙ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጦርነት በኢትዮጵያ ሠራዊት ሽንፈት ተፈጸመ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ሠራዊት በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ተፈጀ። ጠላት በራያ ምድር አልፎ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ። ማርሻል ባዶሊዮም ከደሴ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተሠራ። ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ተራራ ተቆረጠ፣ ድልድይ ተጣለ፣ በጣርማ በርም የተራራው ሆድ ተበሳ። ድንጋዩን የፈለጠውና አፈሩን ያጋዘው እጅ ከኢጣሊያዊው ሠራተኛ ጎን የኢትዮጵያዊውም እጅ ነበር። ለቆቦ ሰው የመኪና ድምፅ ማለት በመጀመሪያ የወራሪ ድምፅ ነበር።

የዕድል ነገር ሆኖ ያው መንገድ ወራሪውን መልሶ ዋጠው። ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደሴ ስትወድቅ ከደቡብ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በዚሁ መንገድ፣ በቆቦ በኩል ወደ አምባላጌ ወጣ፤ በግንቦትም የአኦስታው መስፍን በአምባላጌ እጁን ሰጠ። ሠራዊቱ ተማርኮ ሲሄድ ብዙ ብረት ቀረ፤ ብረቱን መጠገን የሚያውቁ ብዙ ኢጣሊያውያን መካኒኮችም በአስመራና በአዲስ አበባ ጋራዥ ከፍተው ቀሩ። ከእነርሱም ሥር በረዳትነት የገቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እየተመለከቱ ሙያውን ወረሱ። እንዲህ ብረቱ የመጣበትን ባንዲራ ጥሎ የአገሬው ሆነ። ሕዝቡ ወራሪውን ይቅር ሳይል መሣሪያውን ማረከው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የትሬንታ ኳትሮ ዘመን

ከተማረኩት ሁሉ ስም ያተረፈው ፊያት 634 ነው። ኢጣሊያኖች ቁጥሩን ሲጠሩ ከመጨረሻው የሚሰማውን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለውን ሕዝቡ ያዘና ስም አደረገው። ፋብሪካው የሰጠው ተራ ቁጥር በአገሬው አፍ የፈረስ ስም ያህል ክብር አገኘ።

ትሬንታ ኳትሮ ፈጣን አልነበረም። ጉልበቱ 80 የፈረስ ኃይል ገደማ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ነበር። በግራ ካሕሱ አቀበት እግረኛ ቀድሞት ሊሄድ ይችላል። ጭነቱን እንደተሸከመ በከባድ ማርሽ ሲያቃስት ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላው በእግሩ ይከተላል። ሞተሩ የደከመ እንደሆነ ታኮውን ከጎማው ሥር ይወሽቃል፤ ውሃው ሲበርድ እንደገና ይነሣሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አያፍርም። የትሬንታ ኳትሮ ሹፌር የሚኮራው በሰዓቱ ብዛት ሳይሆን ጭነቱን አንድ ኩንታል ሳያጎድል አስመራ ወይም ደሴ በማድረሱ ነበር።

ላንቺያም ኦ.ኤም.ም ደጋፊ አላጡም። ክርክሩ የሚካሄድበት ቋንቋ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ጋቢና፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከኢጣሊያንኛ ገብተው በአማርኛ ሰዋስው ተገርተዋል። የራያ ሰው «ባሌስትራው ተሰበረ» ሲል የውጭ ቃል የተናገረ አይመስለውም። ስሙን ከነዕቃው ወርሶታል።

ክርክሩ ሲጠቃለል ግን ሁልጊዜ የሚመለሰው ወደ አንድ ጥያቄ ነው፤ «መንገድ ላይ ብትቆም ማን ያነሣታል?» የሚል ጥያቄ። በሐምሌና በነሐሴ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ አላውሃንና ጎሊናን ሲሞላ፣ መኪና በወንዝ ዳር ተሰልፎ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። በበጋ ደግሞ የቆላው ሙቀት ራዲያተርን ያፈላል። በእንዲህ ያለ አገር የሚመሰገነው መለዋወጫው በቅርብ የሚገኝ፣ ሆዱ በቀላሉ የሚከፈት፣ ሽቦና መዶሻ ያለው ሰው የሚያድነው መኪና ነው። የፊያት ወገን ያሸነፈው በዚህ ነጥብ ነው። በየከተማው ያለው መካኒክ የፊያትን ሆድ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እንግዲህ ታማኝነቱ ለቶሪኖ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ለአገሬው መካኒክም ነበር።

ኤንትሬና የተዋሐዱት ተቀናቃኞች

ፊያት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው 682 የተባለው መኪና፣ በተለይም በ1962 የወጣው «ኤን 3» የተባለው ዓይነቱ፣ የትሬንታ ኳትሮን ዙፋን ወረሰ። በአፍሪካ ያሉ ኢጣሊያኖች «የአፍሪካ ንጉሥ» አሉት፤ ኢትዮጵያውያን ግን እንደ ልማዳቸው ቁጥሩን በኢጣሊያንኛ አንብበው «ኤንትሬ» አሉት። ኤንትሬ ከነተሳቢው በራያ ሜዳ ሲመጣ ከሩቅ በድምፁ ይታወቅ ነበር። ጋቢናው በሥዕለ አድኅኖ፣ በመስተዋትና በጨርቅ አበባ ይሸለማል፤ ከፊቱና ከኋላው ምክርና ምርቃት ይጻፍበታል። ሹፌሩ ከኤንትሬው ጋር በአንድ ስም መጠራቱ የአባ ዳኘውንና የአባ ነጋን ዘመን ያስታውሳል።

በዚህ ዘመን ብዙ ነገር ተለዋወጠ። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የፊያት ጭነት መኪናዎችን የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ኋላም «አምቼ» በሚል ስም ታወቀ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1975 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የፊያት፣ የኦ.ኤም.ና የላንቺያ የጭነት መኪና ሥራዎች ከፈረንሣይና ከጀርመን ፋብሪካዎች ጋር ተጠቃለው «ኢቬኮ» የሚባል አንድ ኩባንያ ሆኑ። በቆቦ ሻይ ቤት የላንቺያና የፊያት ወገኖች ሲከራከሩ ባለቤቶቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ትርፍ ይካፈሉ ነበር።

የአውስትራልያም ደጋፊዎች የደረሰባቸው ከዚህ የባሰ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሆልደንም በ2017 በአገሪቱ መኪና መሥራት አቆሙ፤ በ2020 ደግሞ ባለቤቱ ጀነራል ሞተርስ የሆልደንን ስም ራሱን አጠፋው። ከኮርቻ ሥራ ጀምሮ የኖረ ስም በአንድ የቦርድ ውሳኔ ተሰረዘ፤ ደጋፊው ግን ባርኔጣውን አላወለቀም። ከዚህ የምንረዳው የስም ባለቤትና የፍቅር ባለቤት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ፋብሪካው ስሙን ሊሸጥ፣ ሊያዋሕድ፣ ሊቀብርም ይችላል፤ በሕዝቡ ዘንድ የተከማቸውን ትዝታ ግን አይነካውም።

የረሃብ ዓመታት ፈተና

በራያ የመኪና ስም የተፈተነው በሩጫ ሳይሆን በረሃብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ድርቅ በመታ ጊዜ የተራበው ገበሬ ከየመንደሩ ወጥቶ በዚህ ዋና መንገድ ዳር ተሰለፈ። የሚያልፈውን አውቶቡስና ጭነት መኪና በእጁ እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። መንግሥት ሊሸፍነው የፈለገውን እልቂት ያጋለጠው መንገዱ ነው፤ ምክንያቱም ተጓዡ ሁሉ በዓይኑ አየ። በዚያን ጊዜ ሳይቆም ያለፈ መኪና የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን የየትኛውም፣ በራያ ሰው ዘንድ ስም አልነበረውም።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የባሰው መጣ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲ ቴሌቪዥን ከኮረም የተነሣውን የረሃብ ሥዕል ለዓለም ሲያሳይ፣ ከዚያ ተራራ ሥር የሚገኙት አላማጣና ቆቦም ከመከራው አልዳኑም። ከአሰብ ወደብ የተነሣው እህል በደሴና በወልድያ በኩል ወደ ኮረም ሲሄድ የግድ የራያን ሜዳ ያቋርጣል። እህሉን የተሸከሙት መኪናዎች የብዙ አገር ልጆች ነበሩ። በዕድሜ የገፉት ኤንትሬዎች ከአዳዲሶቹ የእርዳታ መኪናዎች ጋር ተሰልፈው ይሄዱ ነበር። የሶሻሊስቱ ጎራ መኪናዎችም ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ኢፋ የተባለው የምሥራቅ ጀርመን ጭነት መኪና ነው። ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ቡና ሲያጥራት የኢትዮጵያን ቡና በጦር መሣሪያና በመኪና ለውጣለችና፣ ኢፋ የቡና ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የጭነት መኪና በዚያ ዓመት ሁለት ፊት ነበረው። አንዱ እህል ያመጣል፤ ሌላው ሰው ይወስዳል። በሰፈራው ዘመቻ ብዙ የወሎ ገበሬ ከነቤተሰቡ በመኪና እየተጫነ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወሰደ፤ ወጣቱም በወታደር መኪና ወደ ጦር ግንባር ሄደ። እናት ልጇን የወሰደባትን ኡራል እንደ እህል አምጪው በአንድ ዓይን ልታየው አትችልም። ስለዚህ በራያ የመኪና ስም ሲነሣ የሚነሣው የብረቱ ጥራት ብቻ አይደለም፤ «ምን አመጣ? ማንን ወሰደ?» የሚለውም ይነሣል። የሩጫ ሜዳ ደጋፊ ይህንን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም።

ፈጣኑ እንግዳ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ ሲስፋፋ በመንገዱ ላይ አዲስ ስም ነገሠ። ይህም አይሱዙ ነው። ስሙ በጃፓን በኢሴ ቤተ መቅደስ አጠገብ ከሚፈስ ወንዝ የተወሰደ ሲሆን፣ የሚጻፍባቸው ፊደላት «ሃምሳ ደወሎች» የሚል ትርጉም አላቸው። አይሱዙ ቀላል፣ ቀልጣፋ፣ አንድ ነጋዴ ብቻውን ሊገዛው የሚችል መኪና ነው። የቆቦና የጊራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት ማምረት ሲጀምር ለዚህ የሚስማማው እርሱ ሆነ። ሽንኩርትና ቲማቲም እንደ ማሽላ ጎተራ ገብተው አይጠብቁም፤ ገበያው በጠዋት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፤ የዘገየ ይከስራል።

የታማኝነቱም መለኪያ በዚህ ጊዜ ተለወጠ። የትሬንታ ኳትሮና የኤንትሬ ወገን «ያደርሳል» እያለ ያመሰግን ነበር፤ የአይሱዙ ወገን «ይቀድማል» እያለ ያመሰግናል። በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ርቀት የብዙ ሰው ሕይወት ነው። ከተራራው ጠመዝማዛ የወጣ ወጣት አሽከርካሪ የራያን ቀጥ ያለ ሜዳ ሲያይ የሩጫ ሜዳ ይመስለዋል። ሜዳው ግን አጥር የለውም። ከብት የሚነዳ እረኛ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ ከትምህርት ቤት የወጡ ሕፃናት፣ ጭነት የተሸከመች ግመል ሁሉ በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ሕዝቡም ቅጽል ስም በማውጣት የቆየ ጥበቡን ተጠቅሞ ፍርዱን ሰጠ፤ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሰየመው። ይህ ስም ሳቅ የሚያስከትል ቢመስልም በውስጡ ልቅሶ አለበት። ቅጽል ስሙ ሙገሳ መሆኑ ቀርቶ ክስ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ የብረቱ አይደለም። አይሱዙ የተሠራው በከተማና በገጠር ቀላል ጭነት እንዲያመላልስ ነው፤ ከልኩ በላይ ጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ እንዲሮጥ ያደረገው የገበያው ግፊትና የባለንብረቱ ጥድፊያ ነው። ሹፌሩም ቢሆን ከሁሉ አስቀድሞ ሕይወቱን የሚያስይዘው ራሱ ነው። ነገር ግን ለአንድ ስም መታመን የሚያስከብረውም ሆነ የሚያሳፍረው በሚመሰገንበት ምክንያት ነውና፣ «ቀዳሚ» የሚለው ሙገሳ ለአሽከርካሪው ጆሮ መርዝ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በከተማው ውስጥ ደግሞ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ገብቷል። ስሙ የሕንዱ ፋብሪካ ስም ቢሆንም ዛሬ ከሌላ ፋብሪካ የመጣውም ሁሉ ባጃጅ ይባላል። ይህም ፋብሪካ ሥራውን ሲጀምር ፈቃድ ያገኘው ከኢጣሊያው ፒያጆ ነበርና፣ የኢጣሊያ ብረት በሕንድ በኩል ዞሮ እንደገና ቆቦ ገባ ለማለት ያስደፍራል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት መንገዱ ተዘጋ። በቆቦና በአላማጣ መካከል በኤንትሬ ዘመን የአንድ ጠዋት ጉዞ የነበረው ርቀት የማይሻገር ሆነ። በእነዚያ ወራት «የትኛው መኪና ይፈጥናል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰው ሁሉ የናፈቀው የአንድ ጭነት መኪና ድምፅ፣ ከየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ በሰላም መጥቶ በሰላም ሲያልፍ መስማት ነበር። በአንድ ትውልድ ውስጥ ተረስቶ የነበረው የመድረስ ዋጋ በዚያ ዝምታ ውስጥ እንደገና ታወቀ።

በመሆኑም የራያ ሕዝብ ለመኪና ስም ያለው ታማኝነት ከሩጫ ሜዳው ታማኝነት ጋር በመልክ ቢመሳሰልም በመሠረቱ ይለያል። በሩጫ ሜዳ ሰው ለስም የሚታመነው ስሙ ከሌላው ስለሚቀድምለት ነው። በራያ ሰው ለስም የታመነው ስሙ በክፉ ቀን ስለደረሰለት ነበር። አንደኛው ታማኝነት በታጠረ ሜዳ ሲቀር ጨዋታ ነው፤ አጥሩን ዘሎ ሕዝብ ወደሚኖርበት መንገድ ሲወጣ ግን ገዳይ ይሆናል። የአሽከርካሪው መንፈስ፣ የባለንብረቱ ሂሳብ፣ የተሳፋሪውና የገበያተኛው ሙገሳ ወደ ቀድሞው መለኪያ እስካልተመለሱ ድረስ ደንብና መቀጮ ብቻቸውን የሚያመጡት ለውጥ ጥቂት ነው።

ይህም የኪነት ሰዎችን ይመለከታል። ስለ ፈረስ፣ ስለ በሬና ስለ ግመል የተገጠመውን የሚያጠና ብዙ ነው፤ ስለ ትሬንታ ኳትሮና ስለ ኤንትሬ የተባለውን የሚሰበስብ ግን ጥቂት ነው። ታኮ ይዘው ግራ ካሕሱን በእግራቸው የወጡት ረዳቶች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። በሻይ ቤት የተወረወረው ግጥም፣ በመኪና ግንባር የተጻፈው ምርቃት፣ በመካኒኩ አፍ የተገራው ቃል ባለቤቶቹ ሳሉ ካልተሰበሰበ አብሯቸው መቀበሩ ነው። ከዚያ በኋላ ለወጣቱ አሽከርካሪ የሚቀርለት ሙገሳ «ቀደመ» የሚለው ብቻ ይሆናል። ቀርፋፋውን መኪና «አደረሰን» ብለው ያመሰገኑ ሰዎች በዚያው መንገድ ላይ እንደኖሩ የሚነግረው ያስፈልገዋል።